ከአስፋልቱ 25 ሜትር

ለምን ጻፍኩት

የእህቴ ልጅ አስም ከያዘው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ሲነሳበት ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፣ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ፓፉን ይስባል። ካልተሻለው ተሸክመነው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እናቴ ሁሌም አንድ ነገር ነው የምትለው፦ «ብርድ መትቶት ነው፣ ደረቱን ሸፍኑለት።» ሐኪሞቹ ደግሞ ስለ ጉንፋን፣ ስለ አቧራ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ምንጣፍ ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ግን በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ሰው «ቤታችሁ ከአስፋልት ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ጠይቆን አያውቅም። እኛም አላሰብነውም።

ጥያቄው የመጣልኝ የአንዲት የለንደን ልጅ ጉዳይ ሳነብ ነው። ችሎት የታየ፣ በሐኪም ማስረጃና በመለኪያ ቁጥር የተደገፈ ጉዳይ ነው። የልጅቷና የእናቷ ስም በብዙ አገር ይታወቃል። እዚህ ግን የማንንም ስም አልጠራም፣ እኔን የያዘኝ የሆነው ነገር ነውና። «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ልጅቷና መንገዱ

ልጅቷ የተወለደችው በጃንዋሪ 2004 ነው። ያደገችው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሉዊሻም በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። እናቷ መምህርት ናት። ከእሷ በታች መንትያ ታናናሾች ነበሯት። እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ ደህና ልጅ ነበረች። ትዋኛለች፣ ትሮጣለች፣ ኳስ ትጫወታለች፣ የሙዚቃ መሣሪያ ትማራለች። ስታድግ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር ምኞቷ።

ቤታቸው ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው መንገድ 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ጠዋት ላይ መገናኛ ከሚታየው የታክሲ ሰልፍ ያጠረ ርቀት ነው። ስሙ የደቡብ ቀለበት መንገድ እንደ ማለት ነው፣ ግን የእኛን ቀለበት መንገድ እንዳታስቡ። አብዛኛው ተራ የሰፈር ጎዳና ነው፣ እርስ በርስ ተያይዞ ትልቅ መንገድ የተባለ። ግራና ቀኙ መኖሪያ ቤት ነው። መብራት አለ፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ሌላ መብራት አለ። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ የቤት መኪናው ይቆማል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። ሞተር ቆሞ ሲነሳ ነው ብዙ የሚያጨሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ከ2001 ጀምሮ የመኪና ግብር የምታስከፍለው መኪናው በሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ነበር። ሐሳቡ ለአየር ንብረት ሲባል ነው። ናፍጣ መኪና በዚህ መለኪያ ከቤንዚን የተሻለ ስለሚመስል ሰው ወደ ናፍጣ ጎረፈ። ናፍጣ ግን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝና ጥቁር ደቃቅ ብናኝ በብዛት ይተፋል። መኪናዎቹ በላቦራቶሪ ሲፈተሹ ደህና ይመስሉ ነበር፣ መንገድ ላይ ሲወጡ ግን ከተባለው እጅግ ይበልጥ ነበር የሚለቁት። ልጅቷ ያደገችው ልክ በእነዚህ ዓመታት፣ ልክ በዚህ መንገድ ዳር ነው።

ሕመሙ

2010 መገባደጃ ላይ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ሳል ጀመራት። ተራ ሳል ነበር የመሰለው፣ ግን አልለቅ አለ። እየባሰ ሄዶ ስትስል ራሷን እስከ መሳት ደረሰች። በዚያው ክረምት፣ የእነሱ ክረምት ማለቴ ነው፣ ብርዱና በረዶው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብታ በመድኃኒት እንድትተኛ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ሆስፒታልና ቤት፣ ሆስፒታልና ቤት ናቸው። ወደ 30 ጊዜ የሚጠጋ ሆስፒታል ገብታለች። አንድ ቦታም አይደለም፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ነው። ሳሉ ይነሳል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እናቷ ቤት ውስጥ ትንፋሿን ለመመለስ ትታገላለች፣ አምቡላንስ ይጠራል። ሐኪሞቹ የሚጥል በሽታ ይሆን ብለው መረመሩ። በዘር የሚመጣ የሳንባ በሽታ ይሆን ብለውም አዩ። መጨረሻ ላይ ከባድ አስም ነው ተባለ፣ ያውም በጣም ያልተለመደ ዓይነት፣ የአየር ቱቦዎቿን በወፍራም አክታ የሚደፍን።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር አልረሳ ብሎኛል። ያቺ የምትዋኝ፣ የምትሮጥ ልጅ እየደከመች ሄዳ እናቷ በጀርባዋ ታዝላት ጀመር። ስምንት ዓመት የሆናትን ልጅ። እኛ አገር አዝሎ መሄድን ማንም ያውቀዋል፣ አንቀልባው፣ የሕፃኑ ሙቀት፣ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ጉንጭ። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሲታዘል ግን እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ይህን ሳነብ የእህቴ ልጅ እግር ነው የታየኝ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ሌሊት አረፈች። ዘጠነኛ ዓመቷን ካከበረች ሦስት ሳምንት ነበር።

የተደረገው ሕክምና፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ

ለሐኪሞቹ ፍትሐዊ ልሁን። ልጅቷን ችላ ያላት የለም። መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ ምርመራ ተደርጎላታል፣ በየጊዜው ከሞት አፋፍ መልሰዋታል። እናቷም ያላንኳኳችው በር የለም።

የጎደለው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ድንገተኛ እንደ አንድ ድንገተኛ ብቻ ታየ። ዛሬ መጣች፣ ታከመች፣ ወጣች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ሐኪም፣ ደግሞ ታከመች፣ ወጣች። «ይህች ልጅ የሚነሳባት መቼ መቼ ነው? በዚያ ቀን ውጭ ያለው አየር ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ሁሉንም ቀን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው፦ መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። ከቤታቸው አንድ ማይል ያህል ርቀት ላይ፣ ካትፎርድ በሚባለው ሰፈር፣ የመንግሥት የአየር ጥራት መለኪያ ጣቢያ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሳያቋርጥ ይለካ ነበር። ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፣ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ጣቢያ ወደዚያች እናት የሚወስድ መንገድ ግን ማንም አልዘረጋም። እናትየዋ በኋላ ለችሎቱ እንደተናገረችው፣ የመኪና ጭስ ጥሩ እንዳልሆነ እንደ ማንኛውም ሰው ታውቃለች፣ ይህ የልጇን አስም እንደሚያባብስ ግን ማንም አልነገራትም። ብታውቅ ኖሮ ቤት እቀይር ነበር ብላለች።

የመጀመሪያው ምርመራ

እንግሊዝ አገር ሞት አጠራጣሪ ወይም ያልተብራራ ሲሆን የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ይሰየማል። ኮሮነር ይሉታል። ሥራው ጥፋተኛ ፈልጎ መቅጣት አይደለም። ማን ሞተ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ሞተ የሚለውን ማረጋገጥ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ በ2014 ተደረገ። ውጤቱም፦ በከባድ አስም የመጣ ድንገተኛ የመተንፈሻ አካል መድከም። እውነት ነው፣ ስሕተት የለበትም። ግን «ቤቱ ለምን ተቃጠለ?» ሲባል «እሳት ስለተነሳ» ብሎ እንደ መመለስ ነው። አስሙን ያን ያህል ምን አከፋው? ስለ መንገዱ፣ ስለ አየሩ አልተነሳም።

እናትየዋ እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ሐዘን አለባት። አላቆመችም። ስለ አስም ሌሎች ወላጆች እንዲያውቁ በአደባባይ መናገር ጀመረች፣ እዚያ መሃል ነው አንድ ሰው ልጅሽ ባረፈችበት ሰሞን የአካባቢው የአየር ብክለት ምን ያህል እንደነበር እዪ ብሎ የጠቆማት። አየች። ከፍ ብሎ ነበር።

ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን

ቀጥሎ የተደረገው ነገር ቀላል ነው፣ ቀላልነቱ ነው የሚገርመኝ። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የአስምና የሳንባ ፕሮፌሰር ሁለት ዝርዝር ወሰዱ። አንዱ ልጅቷ ሆስፒታል የገባችባቸው ቀኖች። ሌላው የመለኪያ ጣቢያዎቹ መዝገብ። ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ተገጣጠሙ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱና ብናኙ ሽቅብ ሲወጣ፣ ልጅቷ ሆስፒታል ትገባለች። አብዛኛው ደግሞ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው፣ ነፋስ በሌለበት፣ ጭሱ መሬት ላይ ተኝቶ በሚቆይበት ጊዜ። ፕሮፌሰሩ በ2018 ባወጡት ሪፖርት፣ ከሕግ በላይ የሆነ ያ የአየር ብክለት ባይኖር ኖሮ ልጅቷ የመትረፍ ተስፋ እንደነበራት ጻፉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ አየሩ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ልናገር፣ ይህን ካልያዝን የቀረው ወሬ ብቻ ይሆናልና።

ተራ አቧራ አፍንጫ ላይ ይቀራል። ስንናፈጥ ጥቁር ሆኖ የምናየው እሱ ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ግን የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ ስለሆነ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም። እስከ ሳንባ ጫፍ፣ አየርና ደም እስከሚገናኙበት ከረጢት ድረስ ይወርዳል፣ በጣም ደቃቁ ወደ ደም ይገባል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የአየር ቱቦውን ግድግዳ ያስቆጣል። ቱቦው ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል፣ ይጠባል። ጤነኛ ሰው ትንሽ ጉሮሮውን ይከረክረው ይሆናል። አስም ያለበት ሰው ግን ቱቦው ቀድሞውኑ የተቆጣ ነው፣ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ልጅ ሲሆን ይብሳል። ሳንባው ገና እያደገ ነው፣ ከክብደቱ አንፃር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል፣ ቁመቱም ለመኪና ጭስ ማውጫ ቅርብ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። የውጭ አየር ብክለት ሲባል ሁላችንም ሳንባ ነው የምናስበው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 ብቻ 4.2 ሚሊዮን ሰው በዚህ ምክንያት ያለጊዜው እንደሞተ ይገምታል፣ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 68 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። ስለዚህ ይህ የአስም ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደም ግፊት ያለባቸው አባታችንም፣ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ዳር የምትቀመጠው በቆሎ ጠባሿም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ከመስኮቱ ወጥቶ ሲጣራ የሚውለው ረዳትም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ችሎት

ሪፖርቱን ይዘው ጠበቆቹ ጠየቁ። በ2019 መጀመሪያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ፈቀደ፣ በሜይ 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን የምርመራ ውጤት ሻረው። አዲሱ ችሎት በ2020 መጨረሻ ተሰየመ። ሐኪሞች፣ ሳይንቲስቶች፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰዎች መሰከሩ። የክፍለ ከተማው ባለሙያ ሳይቀሩ ብክለቱ እየታወቀ ሥራው እጅግ ሲንቀራፈፍ እንደነበር አመኑ።

ዲሴምበር 16 ቀን 2020 መርማሪ ዳኛው ውሳኔውን አነበቡ። የሞት ምክንያቱ በሦስት ደረጃ ተጻፈ፦ የመተንፈሻ አካል መድከም፣ ከባድ አስም፣ ለአየር ብክለት መጋለጥ። ሦስተኛዋ መስመር ናት አዲሷ። በእንግሊዝ ታሪክ የአየር ብክለት በአንድ ሰው የሞት ምክንያትነት ሲመዘገብ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ዳኛው ዋናው ምንጭ የመኪና ጭስ እንደሆነ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ከሕጉ በላይ እንደነበር፣ ብናኙም ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በላይ እንደነበር ገለጹ። እናትየዋ ስለ አደጋው መረጃ እንዳልተሰጣት፣ ቢሰጣት ኖሮ የልጇን ሞት ሊያስቀር የሚችል እርምጃ ትወስድ እንደነበርም አሰፈሩ።

በኤፕሪል 2021 ሌላ ሞት እንዳይከተል የሚል ጽሑፍ ለመንግሥትና ለሕክምና ማኅበራት ላኩ። ሦስት ነገር አነሱ። የአገሪቱ የብናኝ ወሰን ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እጅግ የላላ ነው። ሕዝቡ በሰፈሩ ስላለው አየር መረጃ እንዳለ አያውቅም። ሐኪሞችም ለሕመምተኛና ለአስታማሚ አይነግሩም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው መጀመሪያ መዝገብ ነው። የሆስፒታል ቀኖቹ ባይጻፉ፣ ጣቢያው ባይለካ፣ ፕሮፌሰሩ የሚያስተያዩት ነገር አይኖርም ነበር። ቀጥሎ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ስለ አየር ብክለት ሺህ ጊዜ በአማካይ ቁጥር ተነግሯል፣ ቁጥር አያስለቅስም። የአንዲት ልጅ የሞት ምክንያት ተብሎ ሲጻፍ ግን ማንም «ግምት ነው» ብሎ ሊያልፈው አልቻለም።

ለንደንም ተንቀሳቅሳለች። ብዙ የሚያጨሱ አሮጌ መኪናዎችን በቀን 12.50 ፓውንድ የሚያስከፍለው ቀጠና በኤፕሪል 2019 በመሃል ከተማ ተጀመረ። በኦክቶበር 2021 ሰፋ። ወደ ደቡብ እስከ የት ድረስ ቢሉ፣ እስከ ሳውዝ ሰርኩላር ድረስ። ድንበሩ ያው መንገድ ነበር፣ መንገዱ ራሱ ግን አልተካተተም፣ ልጅቷ ባደገችበት አስፋልት ላይ አሮጌ ናፍጣ ሳይከፍል መንዳት ይቻል ነበር ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው በኦገስት 2023 ቀጠናው መላውን ለንደን ሲሸፍን ነው።

ያልሠራውስ? የመጀመሪያው ምርመራ አልሠራም፣ ሐቁ በስድስት ዓመት ዘገየ። የሕግ ወሰኑም አልጠበቃትም፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ያለ ወሰን ማንም ካላስከበረው ጌጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሴፕቴምበር 2021 መመሪያውን አጥብቆ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር አይለፍ አለ። እንግሊዝ በ2023 በሕግ ለራሷ ያስቀመጠችው ግብ ግን 10 ነበር፣ እሱም በ2040። በልጅቷ ስም የሚጠራው የንጹሕ አየር ረቂቅ ሕግ የላይኛውን ምክር ቤት አልፎ በታችኛው ቆመ። በኦክቶበር 2024 ቤተሰቡ ከሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ጋር የነበረውን ክስ በስምምነት ጨረሰ፣ መንግሥትም ሐዘኑን ገለጸ። ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ።

እኔ በበኩሌ ከሁሉም የከበደኝ የሕጉ አይደለም። መረጃው ነበረ፣ እናትየዋ ነበረች፣ የሚያገናኛቸው ሰው አልነበረም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም ነበር። አንድ ነርስ፣ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

ወደ ቤታችን ስናመጣው

አዲስ አበባ ለንደን አይደለችም። እዚያ የጠፋው መረጃውን የሚያደርስ ሰው ነው፣ እኛ ጋ ግን መለኪያውም ብርቅ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ በግቢው የሚለካውን ፒኤም 2.5 ለሕዝብ ያሳይ ነበር፣ በማርች 2025 ግን አሜሪካ በየአገሩ ባሉ ኤምባሲዎቿ የምታደርገውን ይህን አገልግሎት አቋረጠች። ስለዚህ ቁጥሩን እስክናገኝ እጃችን ላይ ያለው ዓይናችን፣ አፍንጫችንና ደብተር ነው።

ደብተሩን ከእህቴ ጋር ጀምረናል። አንድ ተራ የልጅ ደብተር ነው። ልጁ ሲነሳበት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት እንደዋለ፣ ውጭ ምን እንደነበረ እንጽፋለን። «ማክሰኞ፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ማታ ጎረቤት ፕላስቲክ ተቃጥሏል።» «ዓርብ፣ ጠዋት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ።» አራት ወር ሆነን። ደብተሩ ሐኪም አይተካም፣ ግን በመጨረሻው ቀጠሮ ይዘነው ስንሄድ ሐኪሟ ገጽ በገጽ አዩት። በየቀኑ የሚሳበውን ተከላካይ መድኃኒት አለማቋረጥ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያስረዱንም ያኔ ነው። እኛ ደህና ሲሆን እናቆምለት ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፦ ሲያፍን የሚሳበው ፓፍ ማስታገሻ ነው፣ ቁጣውን ከሥር የሚያበርደው ሌላው ነው፣ እሱን ደግሞ ሐኪም ሳያዝ ማቆም ልክ አይደለም።

መንገድም ቀየርን። ወደ ትምህርት ቤት በዋናው አስፋልት ነበር የሚሄደው፣ አሁን በውስጥ ለውስጥ ነው። ሰባት ደቂቃ ይረዝማል። ከትልቅ መንገድ ትንሽ ራቅ ሲባል የመኪና ጭስ በፍጥነት ነው የሚቀንሰው፣ አንድ መንገድ ወደ ውስጥ መግባት እንኳ ለውጥ አለው። በአስፋልቱ በኩል ያለውን መስኮት ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዘጋለን፣ በጓሮ በኩል ያለውን እንከፍታለን። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ትልቁን አቧራ ይይዝ ይሆናል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያስቆምም፣ ይህን ለእናቴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ሁሉም ሰው መንገድ መቀየር እንደማይችል አውቃለሁ። ቤቱ አስፋልት ዳር የሆነ፣ እንጀራውም አስፋልት ዳር የሆነ ሰው የት ይሄዳል? ለዚያ የሚያስፈልገው የመኪና ምርመራው የምር እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙ መኪናዎች እንዲያጠፉ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ አስም ላለበት ሰው «የት ነው የምትኖረው? የምትሠራውስ?» የሚለው ጥያቄ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ነው። የመጨረሻው ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው።

ስለ ህዳርም ልናገር። ህዳር 12 ሲመጣ ህዳር ሲታጠን እንላለን። በእኛ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ያ የህዳር በሽታ ሕዝባችንን ከፈጀ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው፣ ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠል፣ በሽታውን በጭስ ማባረር። ልማዱን አከብረዋለሁ፣ ከአያቶቻችን ፍርሃትና ጸሎት የመጣ ነው። ግን ያኔ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ ጎማ፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ በየበሩ፣ በአንድ ቀን። አምና የዚያን ቀን ማታ የእህቴን ልጅ ይዘን ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከእኛ በፊት ሦስት ልጆች ኦክስጅን ላይ ነበሩ።

ዘንድሮ ጎረቤቶቻችንን ቡና ጠርተን ስለዚህ አወራን። ደብተሩን አሳየናቸው፣ ጥቂቶቹ «ጭሱ እኮ በረከት ነው» አሉ፣ አንዲት እናት ደግሞ የእሳቸውም ልጅ ያን ማታ ስታስል እንዳደረች አስታወሱ። መጨረሻ ላይ ግቢው እንዲጠረግ፣ ፌስታሉና ጎማው በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ለፅዳት ማኅበሩ ጋሪ እንዲሰጥ፣ ዕጣን ብቻ እንዲጨስ ተስማማን። ከእኛ በታች ያሉት ሁለት ግቢዎች ገና አልመለሱልንም።